ስልክ ቁጥር ሰው አይደለም፦ የአፕ ደንበኞችን መግቢያ ለክላውድ ስትሰጡ

ድሬዳዋ ላይ ትዕዛዝ የሚያደርስ አንድ አፕ አለ እንበል። ደንበኛዋ ሳቢያን ቤቷ ሆና ከቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ታዛለች፤ ባለ ሱቁ ትዕዛዙን በኮምፒውተር ያያል፤ ባለ ባጃጁ ደግሞ በራሱ አፕ አድራሻውን ተቀብሎ ይነሳል። ሦስቱም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሲስተሙ «የመጣው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቀው ገጽ ላይ ላዩን ሲታይ ሁለት ሣጥንና «ግባ» የምትል አንዲት ቁልፍ ነው። ብዙ ገንቢ በሁለት ቀን ይጨርሰውና ወደ ዋናው ሥራ ያልፋል።

ከቁልፏ ጀርባ ያለው ሥራ ግን ሁለት ቀን አይበቃውም። አዲስ ሰው ይመዘገባል፣ ስልኩ የራሱ መሆኑ ይረጋገጣል፣ የይለፍ ቃሉ ይጠበቃል፣ ሲረሳው በሌላ መንገድ ይመለሳል፣ ሲም ሲቀይር አካውንቱ አብሮት ይሄዳል፣ ስልኩ ሲጠፋ ከሩቅ ይዘጋል፣ ኮድ እየገመተ የሚሞክር ሌባ ይታገዳል፣ ባለ ባጃጁ የባለ ሱቁን ገጽ እንዳያይ ይለያል፣ «መረጃዬን አጥፉልኝ» ያለ ደንበኛ ይጠፋለታል። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ የደንበኛ ማንነትና መግቢያ አስተዳደር ይባላል። የክላውድ አገልግሎት ሲሆን ደግሞ ሥራውን ሌላ ድርጅት በራሱ ሰርቨር ይሠራላችኋል፤ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ በወር ውስጥ በገቡት ደንበኞች ቁጥር ይሰላል። ኦዝ ዜሮ፣ አማዞን ኮግኒቶና የጉግል ፋየርቤዝ ከሚታወቁት ናቸው። ኪክሎክ የሚባለው ደግሞ ኮዱ ክፍት ስለሆነ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ጭናችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ነጻ ነው፣ ግን ሌሊት ሲወድቅ የምትነሱት እናንተ ናችሁ።

ይህ ከመሥሪያ ቤት ሠራተኞች መግቢያ የተለየ ጉዳይ ነው። ሠራተኛውን ታውቁታላችሁ፣ ችግር ሲገጥመው ቢሮ ድረስ ይመጣል። ደንበኛ ግን በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ በአንድ ምሽት ሺህ ሆኖ ሊመጣም ይችላል፣ አንዴ ካስቸገራችሁት ደግሞ አፑን አጥፍቶ ባለ ሱቁ ጋር በቀጥታ ይደውላል።

የይለፍ ቃል ለምን በራስ እጅ አይያዝም

የይለፍ ቃል እንደተጻፈ ዳታቤዝ ውስጥ አይቀመጥም። የሚቀመጠው ሃሽ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊነበብ የማይችል ውጤቱ ማለት ነው። ሃሽ የሚያደርገውም ፕሮግራም ሆን ተብሎ የተንቀራፈፈ መሆን አለበት። ዳታቤዙን የሰረቀ ሰው በሰከንድ ቢሊዮን ግምት እንዳይሞክር የሚያግደው ያ ዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለው ቢክሪፕት እና እ.ኤ.አ. በ2015 የይለፍ ቃል ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው አርጎን2 ለዚሁ የተሠሩ ናቸው።

ቢክሪፕት ላይ በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው የተደበቀ ጉድለት አለ። የሚቀበለው እስከ 72 ባይት ብቻ ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲሆን ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በተለመደው ስልት (ዩቲኤፍ-8) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 72 የነበረው ለእኛ 24 ፊደል ብቻ ይሆናል። በርካታ ላይብረሪዎች ከዚያ በኋላ ያለውን ዝም ብለው ይቆርጡታል፤ የመጀመሪያ 24 ፊደላቸው አንድ የሆነ ሁለት ረጃጅም የይለፍ ሐረጎች ለሲስተሙ አንድ ናቸው። «ረጅም ሐረግ ተጠቀሙ» ብለን የምንመክረው ሰው ምክሩን ሰምቶ በአማርኛ ሲጽፍ የሚጎዳው እንዲህ ነው። የምትመርጡት አገልግሎት የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ፣ ራሳችሁም በ30 ፊደል ሞክሩት።

ትኬት ቆራጩና ተቆጣጣሪው

አሠራሩን ለመረዳት ለድሬ ሰው ከባቡር የቀረበ ምሳሌ የለም። ባቡር ጣቢያ መስኮቱ ላይ ትኬት ቆራጩ ገንዘብህን ተቀብሎ፣ ማንነትህን አይቶ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ይሰጥሃል። ፉርጎ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ግን መስኮቱ ጋር ደውሎ አይጠይቅም፤ ማህተሙን፣ ቀኑንና መድረሻውን አይቶ ያሳልፍሃል።

የክላውድ መግቢያም እንደዚሁ ነው። ደንበኛዋ «ግባ» ስትል አፑ ወደ አገልግሎቱ ገጽ ይወስዳታል። ማንነቷን የምታረጋግጠው እዚያ ስለሆነ የይለፍ ቃሏ በእናንተ እጅ አያልፍም። አገልግሎቱ አንድ የአጭር ጊዜ ኮድ ሰጥቶ ወደ አፑ ይመልሳታል፤ ኮዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፣ ዕድሜውም ከ10 ደቂቃ እንዳይበልጥ ይመከራል። አፑ ያንን ኮድ መልሶ ልኮ ቶክን ይቀበላል። ቶክኑ ትኬቱ ነው። በመንገድ ላይ ኮዱን የጠለፈ ሌላ አፕ እንዳይጠቀምበት ደግሞ አፑ መጀመሪያ ሲልካት የአንድ ምስጢር ሃሽ ያስይዛል፣ ኮዱን ሲመነዝር ምስጢሩን ራሱን ያሳያል፤ ይህ ጥበቃ ፒክሲ ይባላል፣ ለስልክ አፕ ግዴታ አድርጋችሁ ያዙት። የዚህን አሠራር ደንብ የሚወስኑት ሁለት መስፈርቶች ኦኦዝ 2.0 (እ.ኤ.አ. 2012) እና በላዩ የተሠራው ኦፕንአይዲ ኮኔክት (እ.ኤ.አ. 2014) ናቸው። የመጀመሪያው «ምን ተፈቅዶለታል» ይላል፣ ሁለተኛው «ማን ነው» የሚለውን ይጨምራል።

ገጹን በስልኩ ዋና ብሮውዘር ክፈቱት። አፑ ውስጥ በተሰፋ መስኮት የተከፈተ ገጽ ላይ ደንበኛ የምትጽፈውን አፑ ማየት ይችላል፤ ጉግልም በእንዲህ ያለ መስኮት በእሱ አካውንት መግባትን ከልክሏል።

ቶክኑ ላይ የተጻፈው ጥቂት ነገር ነው፦ ማን እንደ ሰጠው፣ ለማን፣ ለየትኛው አፕ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ በመጨረሻም የአገልግሎቱ ፊርማ። ፊርማው እንዳይቀየር ይጠብቀዋል እንጂ አይሸፍነውም። ቶክኑን ያገኘ ሁሉ ሊያነበው ስለሚችል የቤት አድራሻና ስልክ ቁጥር አትጻፉበት።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት ተቆጣጣሪው፣ ማለትም የእናንተ ሰርቨር፣ ፊርማውን ብቻ አይቶ ማሳለፉ ነው። ለደንበኞች አፕ የተቆረጠ ትኬት የባለ ባጃጆቹን ሰርቨር ይከፍታል፤ ፊርማው እውነተኛ ነውና። ሰጪውን፣ «ለየትኛው አፕ» የሚለውንና ማብቂያውን ሦስቱንም አረጋግጡ። ፊርማውን የምታረጋግጡበትን ቁልፍም ፕሮግራማችሁ ውስጥ ጽፋችሁ አታስቀሩት፤ አገልግሎቶቹ ቁልፋቸውን በየጊዜው ስለሚቀይሩ አንድ ቀን ጠዋት ደንበኞች ሁሉ ውጭ ይቀራሉ።

የተቆረጠ ትኬት ደግሞ መልሶ ለመቀማት ያስቸግራል። ገንዘብ ይዞ የጠፋ ሾፌርን አሁን ብታግዱት፣ እጁ ላይ ያለው ቶክን ጊዜው እስኪያልቅ ይሠራል። ፋየርቤዝ ላይ ይህ 1 ሰዓት ነው፤ ኮግኒቶ ላይም መነሻው 1 ሰዓት ሆኖ እስከ 5 ደቂቃ ማሳጠር ይቻላል። አትክልት ለምታዝ ደንበኛ አንድ ሰዓት ምንም አይደለም። ጥሬ ገንዘብ ለሚቀበል ሾፌር ግን ይበዛል፤ ወይ አሳጥሩት፣ ወይ ክፍያ በሚነካ ሥራ ላይ ሰርቨሩ ዳታቤዙን ደግሞ እንዲጠይቅ አድርጉ።

ደንገጎ ላይ የሚጠፋው መግቢያ

ቶክኑ በየሰዓቱ ሲያልቅ ደንበኛዋ በየሰዓቱ እንድትገባ አይደረግም። አፑ ረጅም ዕድሜ ያለው ሌላ ቶክን ይይዛል፤ ሪፍሬሽ ቶክን ይባላል፣ ሥራው አዲስ ትኬት ማስቆረጥ ብቻ ነው። ኮግኒቶ ላይ ዕድሜው በመነሻው 30 ቀን ነው። ከተሰረቀ ሌባው ወር ሙሉ ስለሚጠቀምበት፣ ጥሩ አገልግሎቶች በተጠቀማችሁበት ቁጥር አሮጌውን ሽረው አዲስ ይሰጣሉ። የተሻረ ሪፍሬሽ ቶክን ዳግመኛ ከመጣ «ሁለት ሰው ይዞታል፣ አንዱ ሌባ ነው» ብለው የዚያን መግቢያ ሰንሰለት በሙሉ ይዘጋሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው።

አሁን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ዕቃ የሚያደርስ ሾፌር አስቡ። የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ አፑ ሪፍሬሽ ቶክኑን ይልካል። ሰርቨሩ ይቀበላል፣ አሮጌውን ይሽራል፣ አዲሱን ይልካል፤ መልሱ ስልኩ ሳይደርስ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ሾፌሩ ከኩርባው ሲወጣ አፑ ያለችውን አሮጌዋን እንደገና ይልካል። ሰርቨሩ የሚያየው የተሻረ ቶክን ተመልሶ መምጣቱን ነው፤ ሌባ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ሾፌሩ ዕቃውን ጭኖ፣ ደንበኛው ሐረር እየጠበቀው፣ «እባክዎ እንደገና ይግቡ» የሚል ገጽ ፊት ይቆማል፤ የማረጋገጫ ኮዱም በዚያው በሚቆራረጥ ኔትወርክ እስኪመጣ ይጠብቃል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ግን ማወቅ ይፈልጋል። አሮጌው ከተሻረ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች እንዲሠራ የሚፈቅድ ቅንብር ብዙ አገልግሎቶች ላይ አለ፤ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ስጡት። መቆራረጡ ከዚያ ሊረዝም ስለሚችል አፑም የበኩሉን ያድርግ፦ የኔትወርኩን ሁኔታ አይቶ፣ ቶክኑ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ኔትወርክ ጥሩ ሲሆን አስቀድሞ ያድስ። ሌላም አለ። አፑ ሲከፈት አምስት ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚልክ ከሆነ አምስቱም ለየብቻ ማደስ ይጀምራሉ፣ አራቱ የተሻረ ቶክን ይዘው ይደርሳሉ። አንዱ ሲያድስ ሌሎቹ ቆመው እንዲጠብቁ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሰዓቱን በሀበሻ የሞላ ስልክ

ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ ላይ የማታገኙት ችግር ይህ ነው። ብዙ ሰው የስልኩን ሰዓት በእጁ ቀይሮ በእኛ አቆጣጠር ያደርገዋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩም 2፡00 እንዲል። ስልኩ ግን አሁንም የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ላይ እንዳለ ስለሚያስብ፣ ለኮምፒውተሩ ዓለም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ቀንና ሌሊቱን ሲሞላ ካምታታው ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ሄዷል።

ወደ ኋላ የቀረ ስልክ አሁን የተሰጠውን ቶክን ሲያይ «ገና ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ነው» ብሎ አይቀበለውም። ወደ ፊት የሄደው ደግሞ አዲሱ ቶክን ካለቀ አምስት ሰዓት ሆኖታል ይላል፤ ያድሳል፣ አሁንም አልቋል፣ እንደገና ያድሳል። ደንበኛዋ የምታየው የማያቆም ክብ ብቻ ነው። «ኔትወርኩ ነው» ብላ ትተወዋለች፤ ገንቢውም ቢሮው ውስጥ ሲሞክረው በትክክል ስለሚሠራለት ዓመት ሙሉ ላያገኘው ይችላል። በየ30 ሰከንዱ ኮድ የሚያወጡ የማረጋገጫ አፖችም ከስልኩ ሰዓት ስለሚያሰሉ እንዲህ ያለ ስልክ ላይ የሚሰጡት ኮድ ሁልጊዜ ስህተት ነው።

የቶክን ማብቂያን በስልኩ ሰዓት አትፍረዱ። ፍርዱን ለሰርቨሩ ተዉ። አፑ ማወቅ ካለበት ደግሞ ከቶክኑ ጋር የሚመጣውን «ከአሁን ጀምሮ 3600 ሰከንድ» የሚለውን ወስዶ፣ ሰው ሊቀይረው በማይችለው የስልኩ የውስጥ ቆጣሪ ይቁጠር። ልዩነቱ ከአምስት ደቂቃ በልጦ ከተገኘም ለደንበኛዋ በግልጽ ንገሯት፦ «የስልክዎ ሰዓት ስለተቀየረ ነው፤ በሴቲንግ ውስጥ አውቶማቲክ ያድርጉት»። የስህተት ቁጥር ብቻ ማሳየት ለማንም አይጠቅምም።

ስልክ ቁጥር

እኛ አገር ኢሜይል የሌለው ሰው ብዙ ነው፣ ስልክ የሌለው ግን ጥቂት። ስለዚህ መግቢያው በስልክ ቁጥር መሆኑ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ስልክ ቁጥሩን የሰውየው መለያ ማድረግ ነው። ሲም ይጠፋል፣ ሳይሞላ ቆይቶ ይዘጋል፣ የተዘጋ ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ በእናት ስም የወጣ ሲም ልጅ እጅ ላይ ይገኛል። ትዕዛዙን፣ ሒሳቡንና አድራሻውን በስልክ ቁጥር ካሰራችሁ፣ ቁጥሩን ዛሬ የገዛው ሰው ኮድ ተቀብሎ ሲገባ የሌላ ሰው ቤት አድራሻና ቀሪ ሒሳብ ይጠብቀዋል። እያንዳንዱ አገልግሎት ለአካውንቱ የማይለወጥ፣ ትርጉም የሌለው የውስጥ መለያ ይሰጣል። ሁሉን ነገር የምታስሩት በእሱ ነው፤ ስልክ ቁጥር ከእሱ ሥር የሚቀመጥ፣ የሚቀየር አድራሻ ነው። ከስድስት ወር በላይ ጠፍቶ የመጣ ቁጥር ላይም ኮድ ብቻውን አይብቃችሁ፤ ከቀድሞ መረጃው አንድ ነገር ጠይቁ።

አጻጻፉን አንድ አድርጉ። አንዱ ሰው ቁጥሩን በ09 ጀምሮ፣ ሌላ ጊዜ በ+251፣ ሌላ ጊዜ በ9 ብቻ ይጽፋል፤ ሳይስተካከል ከገባ ሦስት አካውንት ይኖረዋል። ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁሉንም ወደ +251 ቀይሩ፣ ክፍተትና ሰረዝ አውጡ። በ07 የሚጀምሩትን የሳፋሪኮም ቁጥሮችም አትርሱ፦ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ለደንበኞች በሙከራ መጀመሪያ የከፈተው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው፤ እስከ አሁን ግን በ09 ካልጀመረ አልቀበልም የሚሉ ቅጾች ይገጥማሉ።

ኮዱ 6 አሃዝ፣ ዕድሜው 5 ደቂቃ፣ የተፈቀደው ሙከራ 5 ይሁን። 6 አሃዝ ማለት አንድ ሚሊዮን አማራጭ ነው፤ የሙከራ ገደብ ከሌለ ኮምፒውተር ሊጨርሰው ይችላል። ድጋሚ መላክ ከ60 ሰከንድ በፊት አይፈቀድ፣ ከዚያም ጊዜው እየረዘመ ይሂድ። የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሰው በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚያወጣ ግን በአድራሻ ብቻ አታግዱ፤ አንዱን ሌባ ስትዘጉ የመጋላን ሰፈር በሙሉ ልትዘጉ ትችላላችሁ።

ወጪውንም አስቡ። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ምልክት ነው፤ በላቲን 160። ሰባ አንደኛዋ ፊደል ሁለተኛ መልዕክት ታስቆጥራለች። «ኮድዎ 482913 ነው። ለማንም አይስጡ።» 25 ምልክት ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ውድ የሆኑ የውጭ ቁጥሮች ላይ ኮድ እያስላኩ ከቴሌኮም ክፍያው ድርሻ የሚያገኙ አጭበርባሪዎች ስላሉም የሚላክባቸውን አገሮች ገድቡ። ድሬ ላይ ግን በ251 ብቻ ስትገድቡ የጅቡቲን 253 እና የሶማሊያን 252 የያዘ ደንበኛና ነጋዴ ውጭ ይቀራል፤ ሦስቱን ክፈቱ፣ ሌላውን በጥያቄ።

በጉግል አካውንት መግባትን መጨመር ቀላል ነው፣ ግን ስልክ ሻጩ ስልኩን ሲሸጥ ራሱ የከፈተላቸውን ኢሜይል የማያውቁ ደንበኞች ብዙ ናቸው። ስልኩ ሲጠፋ አካውንቱም አብሮ ይጠፋል። በጉግል የገባን ሰው በዚያው ቀን ስልክ ቁጥሩንም አረጋግጡለት። ሁለት አካውንት ስታገናኙ ግን ሁለቱም በኩል ኢሜይሉ ወይም ቁጥሩ የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ «ስሙ ይመሳሰላል» ብሎ ማገናኘት አካውንት አሳልፎ መስጠት ነው። ስም ደግሞ በእኛ ፊደል ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ሆኖ ይመጣል።

የቅጹን ነገር በአጭሩ፦ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አታስገድዱ፣ የአባትና የአያት ስም ያ አይደለምና ሙሉ ስሙን በአንድ ሣጥን ተቀበሉ። የልደት ቀን የሚያስፈልግ ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ተቀብላችሁ ሰርቨሩ ወደ ፈረንጅ ይቀይረው፤ አለበለዚያ ጳጉሜን የተወለደ ሰው 13ኛ ወር የሌለው ቅጽ ፊት ይቸገራል። ገጹንም ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ አዘጋጁ፤ ሐረር ከገባችሁ ሐረሪም አለ።

ፋይዳ፣ ሕጉና የመውጫው በር

ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳ ሲመጣ «እንግዲህ በፋይዳ ይግቡ» የሚል ሐሳብ በርክቷል። ማንነትን ማጣራትና መግባት ግን ሁለት ነገር ናቸው። ፋይዳ ይህ ሰው በእርግጥ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ሽንኩርት ለሚያዝ ሰው ይህ አያስፈልግም። ለብድር፣ ለዋሌት (በስልክ ለሚያዝ ገንዘብ) ወይም ሾፌር ለመመዝገብ ግን ተገቢ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ። ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ደግሞ ዳታቤዛችሁ ውስጥ አታከማቹ፤ «ተረጋግጧል» የሚለውንና ቀኑን መያዝ ይበቃል። ያልያዛችሁት መረጃ አይሰረቅባችሁም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛን መረጃ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ጉዳይ ሆኗል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የክላውድ ድርጅት ስትመርጡ ሰርቨሩ የት አገር እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከሕግ ባለሙያም ጋር ተነጋገሩ።

ከመግባታችሁ በፊት መውጫውን እዩ። ክፍያው በዶላር ነው፣ ዋጋው ሊጨምር ይችላል፣ አገልግሎቱም ሊቆም ይችላል፤ ማይክሮሶፍት የደንበኛ መግቢያ አገልግሎቱ የነበረውን አዙር ኤዲ ቢቱሲ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአዲስ ገዢዎች መሸጥ አቁሞ በሌላ ተክቶታል። ዋናው ጥያቄ የይለፍ ቃሎቹ ሃሽ ይወጣል ወይ የሚለው ነው። ፋየርቤዝ ያወጣላችኋል፤ ኮግኒቶ አያወጣም። የማያወጣ ላይ ከሆናችሁ ያለው መንገድ ቀስ በቀስ ማዛወር ነው፦ ሁለቱን አገልግሎቶች ጎን ለጎን ታቆያላችሁ፣ ደንበኛዋ በአዲሱ ስትገባ ያስገባችውን የይለፍ ቃል አሮጌው ያረጋግጣል፣ ትክክል ከሆነ አዲሱ የራሱን ሃሽ ሠርቶ ያስቀምጣል። ሦስት ወር ገደማ እንዲህ ሲሠራ አዘውታሪዎቹ ሳይታወቃቸው ይዛወራሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቅ ያላሉት በስልካቸው ኮድ ተልኮላቸው አዲስ የይለፍ ቃል ያወጣሉ፤ ቁጥራቸውን የቀየሩት ደግሞ የድሮ ትዕዛዛቸውን ተጠይቀው በሰው እጅ ይመለሳሉ፣ ለዚህም አንድ የሚመልስ ሠራተኛና ስልክ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።